የጩጬ ጉልበት

ጥቅምት 6

ጩጬዬ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? ሚስትህስ ደህና ናት? ሚጢስ፣ ያቺ ገመድ ዘላይ ልጅህ፣ የታች ቤቶቹን ጣሪያ እየደበደበች አላስለቀሰቻቸውም? እኔ ደህና ነኝ። ከሥራ በቀር ሌላ በሽታ የለብኝም።

የጉልበትህ ምስል ያለበት ሲዲ ደርሶኛል። «ስልክ ላይ ትጮሂብኛለሽ፣ ወረቀት ላይ ግን መጮህ አይቻልም» ብለህ መልሱን በደብዳቤ እንድሰጥህ ስለለመንከኝ፣ ይኸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ እጽፍልሃለሁ። ዕድሜ ልኩን ተንበርክኮ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሰው ጉልበቱ እስኪያብጥ ዝም ማለቱ ግን ያስጮኻል።

በሻይ ሰዓት ምስሉን ከፍቼ አየሁት። ነገሩ እንዲህ ነው። የጭን አጥንትህ ጉልበት ላይ የሚያርፍበት ጫፍ በልም አጥንት የተሸፈነ ነው። ሥጋ ቤት አጥንት ጫፍ ላይ የምታየው ያ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ ልባስ ማለት ነው። ከውስጠኛው በኩል የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ አጥንት ከነልባሷ ከቦታዋ ላላ ብላለች። ከሥሯ ቀጭን ነጭ መስመር ይታያል። ልባሷ ግን ከላይ አልተሰነጠቀም።

እንዲህ ያለውን በየሳምንቱ አየዋለሁ። የልጆች ሆስፒታል ምስል ሳነብ ስለምውል ኳስ የሚራገጥ ልጅ ሁሉ ጉልበቱ በእጄ ያልፋል። ያ ነጭ መስመር ብቻውን አያስፈራም። ዕረፍት ካገኘ አጥንቱ ራሱ መልሶ ይይዛል።

«ልከፈት ወይስ አልከፈት?» ላልከኝ መልሴ አትከፈት ነው። ያ የአጥንት ሐኪምህ ትንሽ የቸኮለ ይመስለኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች በለው። ስድስት ወር አትንበርከክ፣ አትሩጥ፣ ከባድ አትሸከም። «ምን ልንበላ ነው?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ሴራሚክ እኮ ግድግዳ ላይም ይለጠፋል፣ ግድግዳ ሥራ።

ደግሞ አታስብ። እናታችን ካለፈች ጀምሮ ያን የተላጠ ጉልበትህን ሳጥብ የኖርኩት እኔ ነኝ። ማንም ከእኔ በላይ አያውቀውም።

እህትህ


ጥቅምት 24

እትዬ፣

ሰላምታዬ ከእግርሽ ጀምሮ እስከ ራስሽ ይድረስሽ። ከእግር የጀመርኩት የዘንድሮ ወሬያችን ሁሉ እግር ስለሆነ ነው።

«አርፈሃል ወይ?» ብለሽ በሰው እጅ ለላክሽብኝ ብጣሽ ወረቀት መልሱ፣ አዎ፣ አርፌያለሁ። ማለቴ፣ እያረፍኩ ነው። የጀመርኩት አንድ አዳራሽ አለ፣ እሱን ካስረከብኩ በኋላ ጨርሶ አርፋለሁ። አሁንም ቢሆን ቀኝ እግሬን ዘርግቼ በግራ ጉልበቴ ብቻ ነው የምንበረከከው። ስለዚህ አይቆጠርም።

ለሐኪሙ ነገርኩት። «እህቴ ሐኪም ናት፣ ምስሉን አይታ አትከፈት ብላለች» ስለው ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ሲያንከባልል ቆየና «የት ነው የምትሠራው?» አለኝ። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ «የልጆች ሆስፒታል! እዚያ አገር ያለ ሕፃን ሁሉ አጥንቱ በእሷ ዓይን ያልፋል» አልኩት።

«እንግዲያው አንድ ነገር ጠይቅልኝ» አለ። «ዕድሜውን አይተዋል ወይ በልልኝ።»

ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባኝም። ሠላሳ አራት ዓመት ለሴራሚክ ሠራተኛ እርጅና ነው ሊለኝ ይሆናል። ለማንኛውም የያዘልኝን የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ሰርዤ ወጣሁ። አንቺ ካልሽ አለቀ።

ሚስቴ ሳመችሽ። ሚጢ አዲስ ገመድ ግዢልኝ በላት ብላለች፣ አሮጌው ተበጥሷል።

ጩጬ


ኅዳር 5

ጩጬ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ዕድሜህን አይቼ እንደሆነ ለጠየቀው ሐኪም ያሳደገችኝ እሷ ናት በለው።

ሥራ ስለበዛብኝ አሳጥራለሁ። ጥቂት ነገር ብቻ ንገረኝ። ስታጥፈው ይቆለፍብሃል? ደረጃ ስትወርድ ይከዳሃል? ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ይሰማሃል? ቀጠሮውንስ ለምን ሰረዝክ? እኔ ሰርዝ አላልኩህም። ወይም ብያለሁ። ብቻ ከሰውየው ጋር አትቆራረጥ፣ ጨዋ ሰው ይመስላል።

አንድ ባልደረባዬን አማክሬ እጽፍልሃለሁ። የሚያሳስብ ነገር የለም። አዳራሹን ግን ተው። በግራ ጉልበትም ቢሆን ተው፣ እባክህ።

እህትህ


ኅዳር 19

እትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ደብዳቤሽ ከማጠሯ የተነሳ ፖስታው ውስጥ ሌላ ወረቀት ቀርቶ እንደሆነ ብዬ ሁለቴ አራገፍኩት።

ላነሳሻቸው ጥያቄዎች፣ አይቆለፍም። አይከዳም። የሚንቀሳቀስም ነገር የለም።

እዚህ ሁሉ ሰላም ነው። የሚስቴ የስፌት ሱቅ መስኮት ተሰብሮ ነበር፣ ተሠራ። ደረጃችንን ቀለም ሊቀቡት መጥተው ግማሹን ቀብተው ጠፉ፣ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ያለነው እንደ እንጀራ ልጅ ሆነናል። አዳራሹንም ለጓደኛዬ ለቀቅኩለት። አንቺ ስላልሽ ነው።

ሚጢ ግን አስቸገረችኝ። አነካከሴን እየቀዳች ቤቱን ትዞራለች። መጀመሪያ ሳቅን። ከዚያ እንግዳ ፊትም ደገመችውና ተቆጣኋት፣ በአባት አይቀለድም ብዬ። ይኸው አኩርፋኛለች። አሁን እኔ ሳያት ቀጥ ብላ ለመሄድ ትሞክራለች፣ ዞር ስል ደግሞ ያው ነው። ግትርነቷ አንቺን ነው።

ጽሕፈቴ ከተጣመመ ትራስ ላይ ሆኜ ስለምጽፍ ነው። ደህና ነኝ።

ጩጬ


ታኅሣሥ 2

ወንድሜ፣

ሰላምታ ልጽፍ ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። በቀጥታ ልንገርህ።

ኅዳር ላይ «የሚያሳስብ ነገር የለም» ብዬ ስጽፍልህ እንደሚያሳስብ አውቅ ነበር።

ከኮሪደሩ ማዶ የአዋቂዎችን ጉልበት የሚያነብ ባልደረባ አለኝ። የሐኪምህን ጥያቄ ያነበብኩ ዕለት ምስልህን ይዤ ሄድኩ። ገና እንዳየው «ዕድሜው ስንት ነው?» አለኝ። አፌ ምን ብሎ መለሰ መሰለህ? «ጩጬ ነው።» ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር። ከዚያ በጣቱ ስክሪኑ ላይ እየነካ አሳየኝ።

የልጅ አጥንት ጫፉ ላይ የሚያድግበት መስመር አለው። ሰው ሲጎለምስ ይዘጋል። ያንተ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ! ያ መስመር ክፍት የሆነ ልጅ ላይ፣ ከቁራጩ ሥር ያለው ነጭ ነገር ብቻውን ብዙ አያስፈራም። አጥንቱ ገና ራሱን እየሠራ ስለሆነ ራሱን ይጠግናል። በአዋቂ ግን ያው ነጭ መስመር ውሃ ነው። የመገጣጠሚያው ፈሳሽ ሰርጎ ቁራጩ ሥር ገብቷል፣ ቁራጩም አልተያዘም ማለት ነው። ከሥሩ ውሃ የገባበት ሴራሚክ ምን እንደሚሆን ለአንተ አልነግርህም። በአጥንቱ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎችም ነበሩ። እነሱንም አይቼ አልፌያቸዋለሁ።

ይህን እኮ ለተለማማጅ ሐኪሞች የማስተምረው እኔ ነኝ። «መጀመሪያ ዕድሜ፣ ቀጥሎ ምስል» እያልኩ አፌ እስኪደርቅ። ዕድሜህ ምስሉ ጥግ ላይ ተጽፎ ነበር። ግን የአንተን ዕድሜ ማን ያነባል? ስምህን አየሁ፣ የተላጠው ጉልበትህ ትዝ አለኝ፣ በቃ።

መሳሳቴ አንድ ነገር ነው። ያኔውኑ ስልክ አንስቼ «ተሳስቻለሁ፣ ሩጥ» ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ጥያቄ ደረደርኩልህ። «ይቆለፋል ወይ?» ያልኩህ «አይቆለፍም» እንድትለኝ ነበር። አልክልኝ። ደስ አለኝ። አሁን የሚያንገበግበኝ ያ ደስ ማለቴ ነው።

ከዚያ ደብዳቤህን ደግሜ ሳነብ «አነካከሴን» የምትል ቃል አገኘሁ። ይህ ወረቀት እስኪደርስ አላስችል ብሎኝ ትናንት ደወልኩ። ሚስትህ አንስታ «ተኝቷል» አለችኝ። ቀትር ላይ ነበር። ነገ ዛሬ ሳትዪ ሐኪሙ ጋ ይዘሽው ሂጂ አልኳት። «እሺ» አለች። ምንም አልገረማትም።

ሂድ። ቁራጩ ጉድጓዱ ውስጥ እስካለ ድረስ በብሎን ይያዛል፣ ወደ ሥራህም ትመለሳለህ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ስለ እኔ የፈለግከውን ተናገር፣ ብቻ ሂድ።

እህትህ


ታኅሣሥ 14

እትዬ፣

ሄጃለሁ። ማለቴ ወስደውኛል።

ቅጠሉ ግን ዘግይቷል። ያቺ የጥያቄ ደብዳቤሽ ከመድረሷ በፊት አዳራሹ ውስጥ ተቆልፎብኝ ነበር። እንዴት እንደሆነ አልተርክልሽም። ጓደኛዬ አዝሎኝ ወጣ። «አይቆለፍም» ብዬ ስጽፍልሽ ክራንቼ አልጋው ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር። በግራ ጉልበቴ ብቻ ነው የምንበረከከው ያልኩሽም ውሸት ነው። ጥግ ጥጉ በአንድ ጉልበት አይሠራም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እኔ ግን የደበቅኩት በሽታውን አልነበረም። ሐኪሙ ጋ ብሄድ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «እህትህስ ምን አለች?» ብሎ ነው። በሰው ፊት አንቺን ላስወቅስ? ለአንቺስ «በቃልሽ ኖሬ ጉልበቴ ወጣ» ብዬ ልጻፍልሽ? አንቺ ያሳደግሽኝ! ስለዚህ ጋደም አልኩ። ዛሬ ይለቀኛል፣ ነገ ይለቀኛል እያልኩ። ሚስቴ ስትለምነኝም ስትጮህብኝም አልሰማኋትም። አንቺ ስትደውዪላት በማግስቱ ታክሲ ደጅ ድረስ አስመጥታ «ወይ ትነሳለህ ወይ ጎረቤት ጠርቼ አስሸክምሃለሁ» አለችኝ።

ሐኪሙ ከጉልበቴ ሎሚ በላይ በጣቱ ሲዳስስ ቆየና አንዲት ጠጠር ነገር ያዘ። «ይቺውልህ» አለ። ጫን ሲላት አመለጠችው። ያቺ ቁራጭ ናት፣ ወጥታ ጉልበቴ ውስጥ ትዞራለች። ከወጣች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከዚያ «ያኔውኑ መጥተህ ቢሆን እመልሳት ነበር። አሁን ከፍተን ማየት ነው» አለኝ።

ሰኞ ይከፍተኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አንቺ ተይው።

ጩጬ


ጥር 1

ወንድሜ፣

ሰኞ አልፎ ሌላ ሰኞም አለፈ። ሚስትህ «ከቀዶ ጥገና ወጥቷል፣ ደህና ነው» ብላ ከዘጋች ወዲህ ወሬ የለኝም። የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች ደርሰውህ እንደሆነም አላውቅም። ደርሰውህ ካልከፈትካቸውም እውነት አለህ።

ጥፋቱ የእኔ ነው ያልከውን አልቀበልህም። የአራት ዓመት ልጅ ሆነህ እኔ የሰበርኩትን ሰሃን «እኔ ነኝ» ብለህ በእኔ ፈንታ የተቆነጠጥክ ሰው ነህ። ይሄኛውን አትውሰድብኝ። የእኔ ነው።

ምስል ማንበብ ለጊዜው ትቻለሁ። አለቃዬን «ደክሞኛል» አልኩት። አየህ፣ አሁንም እየደበቅኩ ነው። የአንድ ልጅ ጉልበት ምስል በከፈትኩ ቁጥር ያንተ ይመጣብኛል። ያ ሁሉ እናትና አባት በእኔ ቃል ተማምኖ ልጁን ይዞ ቤቱ ይገባል። አንተም የገባኸው በእኔ ቃል ነው።

ሌላውን ሁሉ ባትመልስልኝ ግድ የለም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ትንበረከካለህ?

እህትህ


ጥር 21

እትዬ፣

አልንበረከክም።

ይህን መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ከሰላምታ በኋላ እንዳይመጣብሽ ብዬ ነው። እንግዲህ ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ ክራንቹን ጥያለሁ፣ ደረጃ እወጣለሁ፣ ግማሽ ቀለሙንም በየቀኑ እረግማለሁ።

ቁራጯ አልገጠመችም። ስትንከባለል ከርማ ጠርዟ አልቆ፣ እንደ ወንዝ ጠጠር ክብ ሆናለች። ሐኪሙ በብልቃጥ አሳየኝ፣ እኔ ግን ልወስዳት አልፈለግኩም። በምትኳ ከዚያው ከጉልበቴ፣ ሸክም ከማያርፍበት ጠርዝ፣ አጥንት ከነልባሱ ክብ አድርጎ ቆርጦ ጉድጓዱ ውስጥ ተከለው። ሲነግረኝ ሳቅኩ። እኛም እኮ እንዲሁ ነን። ሳሎን መሀል ያለ ሴራሚክ ተሰብሮ አምሳያው ከገበያ ከጠፋ፣ ከፍሪጅ ሥር ያለውን ነቅለን እናመጣለን። ፍሪጅ ሥር ማን ያያል? እሱም ሳቀ። ከዚያ ግን እንዲህ አለኝ፦ «የእህትህ ስሕተት በአንድ ሳምንት ይታረም ነበር። ጉልበትህን የበላው የሁለታችሁ ይሉኝታ ነው።» ሰላም በልልኝም ብሏል።

ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ተናድጄብሽ ነበር። ደብዳቤዎችሽን ሳልከፍት ትራሴ ሥር አስቀመጥኳቸው። አንድ ቀን ጠዋት ሚስቴ «ትራስህ ወፈረ» ስትለኝ አወጣኋቸውና በተርታ አነበብኳቸው። በራሴም ተናድጃለሁ። አሁን ግድግዳ እሠራለሁ፣ ያኔ አላልሽኝም? ወለሉን ጓደኛዬ ይሠራል። ወለል ግን ይናፍቀኛል። ወለል ሲያልቅ ሰው ጫማውን አውልቆ ይራመድበታል። ግድግዳ ላይ ማን ይራመዳል?

ደግሞ ይሄ «ወንድሜ» ምንድን ነው? ፖስተኛው የሌላ ሰው ደብዳቤ የሰጠኝ መስሎኝ ነበር። ጉልበቱን እየለመድኩት ነው፣ ይሄን ግን አልለምድም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሚጢ እያሾፈችብኝ አልነበረም።

ቀና ብሎ መራመድ የሚያስተምሩኝ ባለሙያ ነበሩ። እኔ ማነከስ እየተውኩ ስመጣ እሷ አልተወችም። ቁጭ አድርጌ ጠየቅኳት። ያመኛል ብላ ልትነግረኝ ፈልጋ ነበር፣ ግን ገና አፏን ሳትከፍት ስለተቆጣኋት ፈራች። ይኸው ከጥቅምት ጀምሮ እያመማት ነው። እኔ ደግሞ «ገመዱን ዝለይ፣ ደህና ነሽ» ስላት ከረምኩ። እትዬ፣ አሁን ያንቺ ሕመም ምን እንደሚመስል ገባኝ።

ሐኪሙ አያት፣ ምስልም አስነሳት። እንደ እኔው ጉልበቷን ዳስሶ ምን እንደሆነች እንዲነግረኝ ጠበቅኩ። እሱ ግን «ይሄ የልጅ ጉልበት ነው፣ እህትህ ትየው» አለኝ። ሲዲው ከዚህ ጋር አለ። እይልኝ። ዓይኔን አላምነውም እንዳትዪ። ሌላ ማን አለኝ?

ጩጬ


የካቲት 4

ሲዲው እንደደረሰኝ ከፈትኩት። ነገ አላልኩም። አስቀድሜ አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ለምን ምስል ማንበብ እንዳቆምኩ እውነቱን ነገርኩት። ረጅም ወቀሳ ወቀሰኝ። ሲጨርስ «ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ» አለኝ።

ምስሉን ከማየቴ በፊት ጥጉን አነበብኩ። አሥራ አንድ ይላል። እሱንም አላመንኩትምና ሚስትህ ጋ ደውዬ የተወለደችበትን ቀን አስነገርኳት። ከዚያ አየሁ። ከዚያ ኮሪደሩን ተሻግሬ ለዚያ ባልደረባዬ ምንም ሳልናገር አሳየሁት። ከዚያ ለአንዲት ሌላ ሐኪም። የተናገርነው አንድ ዓይነት ነው።

የአጥንቷ የእድገት መስመር ክፍት ነው። ቁራጯ ላላ ብላለች፣ ከሥሯም ያ ነጭ መስመር አለ። ልባሷ አልተሰነጠቀም። ቀዳዳ የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈለግኩ፣ የለም።

እንግዲህ ምን እንደምጽፍልህ ታውቃለህ። አትከፈት። ስድስት ወር አትዝለል፣ አትሩጥ፣ አጥንቷ ራሱ መልሶ ይይዛል። ያንኑ ቃል እንደገና ስጽፍ ብዕሩን ስንቴ እንዳስቀመጥኩት አልነግርህም። ያኔ ለአንተ የላክሁት ደብዳቤ እኮ ስሕተት አልነበረም፣ የእሷ ነበር። ከመታመሟ በፊት ጻፍኩላትና ለአንተ ሰጠሁህ።

በሦስተኛው ወር ሌላ ምስል ይነሳላትና ላኩልኝ። ሐኪምህም ያያታል፣ ሰላምታውንም በክብር ተቀብያለሁ በለው። ከባሰባት፣ ከተቆለፈባት፣ ወይም እንዲሁ ከሰጋህ፣ ያኔውኑ ደውል። እጮህብሃለሁ። አንተም ጩህብኝ። ደብዳቤው ለወሬ ይሁን።

ሚጢን ይቅርታ ጠይቃት። አባት ልጁን ይቅርታ ቢጠይቅ አያንስም። እኔም የአንተን እለምናለሁ። ለተሳሳትኩት ይቅር ብለኸኛል መሰለኝ። ለደበቅኩህ ግን ቀስ በል፣ አትቸኩል፣ ሲመጣልህ ይሁን። ገመዱን ገዝቻለሁ። ስድስቱ ወር እስኪያልቅ እኔው ጋ ይቆያል።

ሌላ አንድ ነገር። መጀመሪያ የላክኸው የራስህ ጉልበት ሲዲ አሁንም እዚህ አለ። ዛሬ ጥጉን ብቻ ላነብ ከፈትኩት።

ሚያዝያ ላይ ሠላሳ አምስት ትሞላለህ፣ ጩጬዬ።

እህትህ